አባዬ፣ ባቡር ተሳፍሬአለሁ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከለቡ አቃቂ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ እመጣ የለ? ግን ስመጣ የምናወራው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነው። በስልክ ደግሞ አትሰማኝም። ጆሮህን ያ የባቡር ሞተር ወስዶታል። ወረቀት ግን መነጽርህን አድርገህ፣ ቀስ ብለህ፣ ሁለቴ ታነባለህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ እንቅልፍ የላትም። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። «ሸመንደፈር» ሲል ፉጨት ነው የሚወጣው። አንተ ያስተማርከው የፈረንሳዮቹ የባቡር ስም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይለዋል። ትናንት ደግሞ ለክፍሉ ልጆች «ባቡር አዲስ አበባ ሳይገባ ሁለት ዓመት ቀድሞ አያቴ ሰፈር ነበር» ብሎ ተከራክሮ መጣ። መምህሩ አላመነውም። እኔ ግን ያልከውን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሐዲዱ አቃቂ ደርሶ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት እንደነበር፣ ለገሃር የገባው በ1909 እንደሆነ፣ እምዬ ምኒልክ በ1886 ፈቅደው ያስጀመሩትን ባቡር ዋና ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ እንዳረፉ። ይሄን ስትናገር ሁሌም ድምፅህ ዝቅ ይላል።

የግፊት ክኒንህን ጠዋት ጠዋት እየዋጥክ ነው? ሳጥኑ ላይ ቀኑን የጻፍኩልህ ለጌጥ አይደለም።

አባዬ፣ ስለ ማክሰኞ ሌሊት ማውራት አልፈለግክም። የሰፈሩ ጥበቃ ሲደውልልኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሣር የተዋጠው ሐዲድ ላይ ጋቢ ለብሰህ ተቀምጠህ አገኘህ። «ባቡሩ ዘገየ» አልከው አሉ። እኔ ስደርስ «ነፋስ ልቀበል ወጥቼ ነው» አልከኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ። መኪና ውስጥ ግን በእማዬ ስም ጠራኸኝ። ሁለት ጊዜ። ሐኪም ጋ እንሂድ የምልህ ለጉልበትህ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ አያቴ በሐሳቤ ይመላለሳሉ። እሳቸው በእንፋሎቱ ዘመን ሾፌር ነበሩ። ልጅ ሆኜ የሚነዱት እሳቸው ይመስለኝ ነበር። ሾፌር ማለት በፈረንሳዮቹ የባቡር ቋንቋ እሳት አንዳጅ እንደሆነ የነገርከኝ አንተ ነህ። የሚነዳው ሌላ ነው። እሳቸው ምድጃውን ይቀልባሉ፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል። ከባሕር ጠረፍ ከጅቡቲ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ባቡር በሰው ክንድ ሲቀለብ አስበው! ግን አያቴ የሚፈሩት እሳቱን አልነበረም። የውሃውን ልክ የምታሳየውን ቀጭን መስታወት ነበር። ውሃው ወርዶ ከምድጃው በላይ ያለው ብረት ከተራቆተ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ማሽኑ ይፈነዳል። ለዚህ ነው በሕልማቸው እንኳ «ውሃውን እይ!» ይሉ የነበረው። ያንን በአንተ አፍ ነው የሰማሁት። ዲዝሉ ሲገባ ውሃ መቅጃዎቹ ቆሙ፤ አንተም የገባኸው በዲዝሉ ዘመን ነው። የአያቴን ነገር በሙሉ የያዝከው አንተ ብቻ ነህ። አልጻፍከውም። እኔም አልጻፍኩትም።

አሁን የምጽፈውን ስታነብ አትቆጣ። ከተቆጣህም ተቆጣ።

የ1977 ጥምቀት ሊደርስ ቀናት ቀርተውት ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እያልክ ከድሬዳዋ ጨርቅ ላመጣልሽ ብለኸኝ ሄድክ። ከዚያ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ገባ የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞላው። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እማዬ ሁለት ሌሊት በር ላይ ተቀመጠች። ሌሎች ቤቶች ልቅሶ ተጀምሯል። በሦስተኛው ቀን መጣህ። በሕይወት አለህ! እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው፤ ጎረቤት እያለቀሰ ነው።

አንተ ማንንም አላቀፍክም። በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄድክ። እጅህን ታጠብክ። ሳሙናው አልቆ ቁራጩ ከጣትህ እስኪያመልጥ ታጠብክ። ከዚያ ለቤተሰብ የሚሰጠውን የነጻ መሳፈሪያ ወረቀት ከኪስህ አውጥተህ ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመርከው። «ከዚህ ቤት ማንም ባቡር አይሳፈርም» አልክ። በሳምንቱ ግን አንተ ራስህ ተሳፍረህ ሄድክ።

ስለ ቀሚሱ አይደለም። አንድም ቀን ምን እንዳየህ አልነገርከንም። ከሐዲዱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀን አደግን። ወደ ለገሃር ዳገቱን ሲወጣ የጎረቤት ልጆች ከመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙልን ነበር፤ እኛ አጥር ይዘን እናያለን። «የባቡር ሰው ልጅ ባቡር አያውቅም» ብለው ይስቁብን ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅህ ሬዲዮኑን ታጮኻለህ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ በሄድክ ቁጥር እማዬ የማትተኛበትን ሌሊት አታውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ አብሬያት ነበር የምነቃው።

እና አባዬ፣ መጋቢት ላይ ልጆቹን ይዤ ከለቡ ተሳፈርኩ። ድሬዳዋ ድረስ። ላንተ አዳማ ሰርግ አለብኝ ነበር ያልኩህ። ዋሸሁህ፣ ይቅር በለኝ።

አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ጭስ የለው፣ ውሃ አይጠጣ። ሐዲዱም ሰፊ ነው፤ ያንተው 1 ሜትር፣ ይሄኛው 1 ሜትር ከ43 ተኩል። ትንሹ በእርምጃ ሊለካው ፈልጎ ጥበቃ ተቆጣው። አዋሽ ስንደርስ እጄ በላብ ራሰ። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ዝንጀሮ ይፈልጋሉ። እኔ የትኛው ገደል እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር፤ መንገዱ ሌላ ነው፣ አላወቅኩትም። የሚያሳየኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ድሬ ላይ ጨርቅ ገዛሁ። ለራሴ።

እሁድ እመጣለሁ። ምንም አታዘጋጅ፣ ሽሮ ይበቃል። የጓሮውን በር በውስጥ በኩል ቆልፍ፤ ቁልፉን ለጎረቤት ስጥ፣ እባክህ። ሰኞ ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አብሬህ እገባለሁ። ትልቋ ድምፅህን በስልኳ ልትቀዳ ተዘጋጅታለች። ስለ አዋሽ ካልፈለግክ አታውራ። ስለ አያቴ መስታወት ጀምርላት፤ ውሃው እስከ የት ሲደርስ ነበር የሚፈሩት?

ልጅህ