ለይበልጣል፣ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር

ወንድሜ ይበልጣል፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጠፋሁ ሁለት ክረምት አለፈ፤ በሰበብ አላደክምህም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅከኝ ነገር ግን እንደ ዕዳ ሲከተለኝ ቆይቷል፦ «የወንዙን ሁለት ጫፎች ከፍታውንም ፍሰቱንም ለክተናል። ሁሉንም ለሞዴሉ ብንሰጠው ምን ይጎዳል?» ብለህ ነበር።

ይጎዳል። እንደ ውሃ ማዕበል በተወሰነ ፍጥነት የሚጓዝን ነገር በሚገልጽ፣ ሃይፐርቦሊክ በሚባል ኢኩዌሽን፣ ድንበሩ ላይ ስንት ነገር ማዘዝ እንደሚቻል የሚወስኑት ካራክተሪስቲኮቹ፣ ማለትም መረጃ የሚጓዝባቸው መንገዶች፣ ናቸው። ወደ ውስጥ የሚገቡትን ቁጠር፤ የምትሰጠው የድንበር ሁኔታ ያን ያህል ብቻ ይሁን። የሚወጣው ዋጋውን ከውስጥ ይዞ ስለሚመጣ እሱን ካዘዝከው ከራሱ ከኢኩዌሽኑ ጋር ትጣላለህ።

ዓባይን እንይ። ከጣና ሲወጣ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር ነው እንበል። የማዕበሉ ፍጥነት የ9.81 እና የ4 ብዜት ስኩዌር ሩት ነው፣ 6.3 ገደማ። ስለዚህ አንዱ ካራክተሪስቲክ በ7.8 ወደ ታች፣ ሌላው በ4.8 ወደ ላይ ይሄዳል። በላይኛው ጫፍ የሚገባው አንድ፣ በታችኛውም አንድ ነው። ላይ ፍሰቱን፣ ታች ከፍታውን ስጥ፤ በቃ። የተረፈውን ልክ አትጣለው፣ ሞዴሉ የሚያወጣውን ለማመሳከር ይሆንሃል። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አፋፍ ወርደህ ደግሞ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር፣ ፍጥነቱ 3 ቢሆን፣ የማዕበሉ ፍጥነት 2.2 ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ወደ ታች ይጠረጋሉ። እዚያ ሞዴልህን ብትቆርጥ የምትሰጠው ሁኔታ ዜሮ ነው። ሒሳቡ ካሰለቸህ ጠጠር ወርውር፦ ክቡ ሞገድ ወደ ላይ መውጣት ከቻለ ታች አንድ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ አያስፈልግም።

ክፋቱ ኮምፒውተሩ አይጮኽም። ትርፍ ሁኔታ ስትሰጠው ድንበሩ አጠገብ ከነጥብ ወደ ነጥብ ከፍ ዝቅ የሚል ጥርስ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ያንን ሰው ሠራሽ ልዝበት፣ ሹል ሹሉን የሚያለሰልስ ነገር፣ ጨምሮ ይሸፍነዋል። ግሪዱን፣ ሞዴሉ በሚያሰላባቸው ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት፣ በግማሽ አሳንሰህ ሞክር፤ ጥርሱ ካልቀነሰ መጀመሪያ ድንበሩን ጠርጥር። አንዳንዴ የሁኔታዎቹ ቁጥር ልክ ሆኖም ጥፋቱ ማዕዘኑ ላይ፣ የመነሻው ሰዓትና ድንበሩ በሚገናኙበት፣ ነው፦ በመነሻው ሰዓት ድንበሩ ላይ የሰጠኸው ከፍታ ከመነሻው የሐይቅ ከፍታ ጋር ካልገጠመ ዝላዩ ማዕበል ሆኖ ይነሣል። የጣናን ጥልቀት በአማካይ 9 ሜትር ብንወስድ በሰከንድ 9.4 ሜትር እየተጓዘ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህሉን አቋርጦ በሁለት ሰዓት ገደማ ጎርጎራ ይደርሳል፣ ተጋጭቶም ይመለሳል። ነፋስ ያመጣው እንዳይመስልህ።

«የሰኞንና የዓርብን ልክ ሰጥተን መሃሉን እናውጣ» ያልከው ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ አዳማር ለጤናማ ጥያቄ ያስቀመጣቸውን መለኪያዎች ታውቃለህ፦ መፍትሔ ይኑር፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ ልኩ ትንሽ ሲዛባ እሱም ትንሽ ብቻ ይዛባ። ለላፕላስ ኢኩዌሽን፣ ጊዜ ለሌለበት የተረጋጋ ሁኔታ፣ ዙሪያውን መዝጋት ተገቢ ነው። ለማዕበል አይሆንም። ርዝመቷ ፓይ፣ የማዕበሏ ፍጥነት 1 የሆነች፣ ሁለት ጫፎቿ የታሰሩ ክር ውሰድ። የመጨረሻው ጊዜ ፓይ ከሆነ፣ የሳይን ኤክስ እና የሳይን ቲ ብዜት (ኤክስ ቦታ፣ ቲ ጊዜ) በአራቱም ጎን፣ በሁለቱ ጫፎችም በመነሻውና በመጨረሻው ጊዜም፣ ዜሮ ነው፣ ውስጡ ግን ዜሮ አይደለም፤ መፍትሔው አንድ መሆኑ ቀረ። የመጨረሻውን ጊዜ 1 ብታደርገው አንድ ብቻ ይሆናል፣ ግን የኤንኛው ሞገድ፣ ክሯ ላይ ኤን ጉብታ ያለው፣ ስሕተት ለሳይን ኤን ይካፈላል። 22 ከ7 ፓይ ጋር ስለሚቀራረብ 22ኛው ሞገድ 113 ጊዜ ያድጋል። 355ኛው፣ ከ113 ፓይ ጋር ለጥቂት የተሳሳተው፣ ከ33,000 ጊዜ በላይ። የዓርቡ ልክ ላይ ያለች የአንዲት ሚሊ ሜትር ስሕተት መሃል ላይ 33 ሜትር ሆና ትነሣለች! የሒሳብ ሊቃውንቱ ቦርጊንና ደፊን ይህን የቁጥር ጣጣ እ.ኤ.አ. በ1939 አሳይተውታል። የሰኞውን ከፍታና ፍጥነት ስጥ፤ ዓርብን ለማመሳከሪያ አቆየው።

ሐይቁን በሁለት አቅጣጫ ስትሠራ ደግሞ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የሁኔታዎቹ ቁጥር ልክ ሆኖም፣ የተሳሳተ ዓይነት ሁኔታ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሞገድ ያለ ምንም ግፊት እንዲያድግ ሊፈቅድ ይችላል፤ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ዕድገቱ ይፈጥናል፣ ግሪድ ማሳነስም ያባብሰዋል። የሒሳብ ሊቁ ክራይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያጠናው የሎፓቲንስኪ ሁኔታ ይህን የሚለይ ነው። ዝግ ዳርቻ ላይ፣ ደንገሉ ባለበት ሁሉ፣ ወደ ዳሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፍጥነት ዜሮ ነው በል እንጂ ሌላ አትጨምር፤ በዚያ በኩል ሰላም ትሆናለህ።

አሁን ኮድህን ክፈትና የታችኛው ጫፍ ላይ ስንት ሁኔታ እንደተጻፈ ቆጥረህ ላክልኝ። ለእማማም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው