«ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋን ቃል ተዉልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ገዝቼ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ዓይኗ ደክሟል። በቀደም ስለ አንድ ግድያ የጻፋችሁትን ሳነብላት፣ መጨረሻው ላይ «ተጠርጣሪው የአእምሮ ሕመምተኛ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ማን መረመረው? ማን አለ? ዜናው አይናገርም። እናቴ ዝም አለች። ማታ ሱቅ ወርዳ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። በማግስቱ አናጺ ጠርታ የወንድሜ ክፍል በር ላይ ከውጭ አስገጠመችው።

ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ወር በወር አማኑኤል ሄዶ መርፌውን ይወጋል። ጠዋት ጠዋት ብሎካችን ፊት የተተከሉትን አበቦች ውኃ ያጠጣል። አልዋሽም፣ አንድ ጊዜ መርፌው ተቋርጦ ቴሌቪዥን ሰብሯል፤ እኔንም ገፍትሮኛል። ሕክምና ሲቋረጥ፣ መጠጥና ጫት ሲጨመርበት አደጋ ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሞቹም ይነግሩናል። ግን አብዛኛው ታማሚ ማንም ላይ እጁን አያነሳም። ብዙ ጊዜ የሚመታው እሱ ነው። የወንድሜ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ የሰፈር ልጆች የወረወሩት ድንጋይ ነው።

ይህ ፍርሃት የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ድሮ አውሮፓ ውስጥ በሚያስፈሩ ልቦለዶች ሲመገብ የኖረ ነው። ለተማሪዎቼ ከምተርክላቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ነው። በርታ ሜሰን የምትባል የታመመች ሴት አለች። ባሏ ሦስተኛው ደርብ ላይ ቆልፎባታል። እኛም ሦስተኛ ፎቅ ነን። በርታ ሌሊት ሌሊት አምልጣ ትወጣለች፣ ባሏ የተኛበትን አልጋ ታቃጥላለች፣ በመጨረሻም ቤቱን በእሳት አያይዛ ከጣሪያ ትዘላለች። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ እሷ ራሷ ግን ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤት ገብቼ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። በራሷ አንደበት ምንም አትናገርም። አንዴ ብቻ ወንድሟ «እንዲህ አለች» ይላል፤ ያውም ደሜን መጥጣ ልቤን ልታደርቀው ዛተች ነው የሚለው።

ያ ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ በቢላ ወግታዋለች፣ ነክሳዋለችም። ጎህ ሲቀድ፣ ቁስሉ ታስሮለት ሠረገላ ላይ ሲያሳፍሩት ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ተንከባከቧት፣ በርኅራኄ ያዟት ብሎ ለመነ። ሳይጨርስ እንባው ቀደመው። እዚህ ቦታ ስደርስ ክፍል ውስጥ ድምፄ ይታነቃል። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ እኔን የሚመስለኝ እሱ ነው።

ደራሲዋም ቆይታ አስባበታለች። መጽሐፉ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1848 ለአሳታሚዎቿ ባልደረባ ደብዳቤ ጻፈች። እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ ሊሰማን የሚገባው ጥልቅ ሐዘኔታ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አስፈሪነቱን አብዝቼ ተሳስቻለሁ ብላ አመነች።

የአሜሪካዊው ደራሲ የኤድጋር አለን ፖ ታሪክም አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1843። ሽማግሌ ገድሎ ወለል ሥር የደበቀው ሰው «እብድ አይደለሁም» እያለ ይሟገታል። አንባቢው በዚያው ማበድና መግደል አንድ ይመስለዋል። በዚያው ዓመት ግን ለንደን ውስጥ ዳንኤል ማክኖተን የሚባል ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ በሽጉጥ ገደለ። ፍርድ ቤቱ በግምት አልሄደም። ሐኪሞች ቀርበው መሰከሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሕመሙ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም የተባለው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ሐኪም መርምሮት ከሆነ ጻፉ፣ ማን እንዳለውም ጨምሩ። ካልሆነ «ሳይሆን አይቀርም»ን ተዉት። ያንን ዜናም በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልን።

ቁልፉን እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ወንድሜ ሽንት ቤት ሲፈልግ ያንኳኳል፤ ቋጠሮው እስኪፈታ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ቅዳሜ ጋዜጣችሁን እገዛለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው አነብላታለሁ።

አንዲት መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ