ስለ ሰፈራችን መኪና አቋቋም

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ማክሰኞ ሌሊት አንዷ ጎረቤታችንን ምጥ ያዛትና 907 ተደወለ። አምቡላንሱ ከአራት ኪሎ መንገድ ታጥፎ ገባ፣ ሱቁ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ግራና ቀኝ መኪና ተደርድሯል። ባሏ ደግፏት በጨለማ በእግሯ ወረደች። በሰላም ተገላግላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፣ በጭራሽ አያልፍም። እባካችሁ በአንድ ወገን ብቻ እናቁም።

ሌላው፣ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም የታርጋ ቁጥር የጻፋችሁ አላችሁ። ድንጋይና አሮጌ ጎማም ተቀምጧል። መንገድ ላይ ምልክት የሚቀባው የሚመለከተው የመንግሥት አካል ነው። እኛ የቀባነው ማንንም አያስገድድም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል እንጂ። የሰው በር መዝጋትም ነውር ነው።

ዜብራው ላይ ደግሞ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አትቁሙ። ጠዋት ተማሪዎቹ ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት ብቅ ሲሉ ሹፌር አያያቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ድንጋዮቹን አብረን እናነሳለን። እስከዚያው ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጡ።