ቁልቋል እያሉ ካክተስን ማጥፋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እዚህ ጅማ በየበረንዳው በትንንሽ ሸክላ የሚቀመጡትን ድብልብል ተክሎች ሁሉ «ቁልቋል» ማለት ተለምዷል። በጽሑፍም እንደዚያው ሲወጣ እናያለን። ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር፤ ስሙ ሲሳሳት ግን አያያዙም አብሮ ይሳሳታል።

ቁልቋል የእኛው አገር ተክል ነው፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ያቃጥላል። ካክተስ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ማሚላሪያ ከሚባሉት ካክተሶች አንዳንዶቹ ወተት ስላላቸው ወተት ብቻውን መለያ አይሆንም። እርግጠኛው ምልክት የካክተሱ «ዓይን»፣ ማለትም ገላው ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ ናት። በለስ ካክተስ ስለሆነ እሱን ማየት ይበቃል፤ እሾሁም አበባውም የሚወጣው ከዚያችው ነጥብ ነው። የቁልቋል እሾህ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጠርዙ ይሰለፋል።

አስትሮፊተም አስቴሪያስ የተባለው የኮከብ ካክተስ ላይ ይህ ዓይን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሚሸፍነው እሾህ የለምና። አገሩ ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮና ደቡብ ቴክሳስ ነው። ወርዱ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጠፍጣፋ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ድፎ ዳቦ 8 ቦታ የተከፈለ ይመስላል። በየክፋዩ መሃል ነጫጭ የጥጥ ኳሶች የሚመስሉት ዓይኖቹ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ቆዳውም ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጠብጣብ አለ። አበባው ቢጫ፣ ጉሮሮው ብርቱካንማ ቀይ ነው። ዘር ለመያዝ የሌላ ተክል ብናኝ ይፈልጋል።

ድርቅ ሲበረታ ሰውነቱ ተኮማትሮ ከመሬት እኩል ይሆናል። ብዙ ሰው ደንግጦ ውኃ በየቀኑ የሚያጠጣውና የሚገድለው ይሄኔ ነው። ተኮማትሮም ጠንካራ ከሆነ ጠምቶታል፤ አንዴ ማርካት ይበቃል። ሥሩ አጠገብ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ ከሆነ ግን በስብሷል፤ ላዩ ደህና ቢመስልም አትመኑት። ያኔ ቡናማው እስኪያልቅ በንጹሕ ቢላ ይቆረጥ። በተቆረጠው ፊት መሃል ባለው ቀለበት አንዲት ቡናማ ነጥብ ከቀረች መበስበሱ ይቀጥላል።

የጅማ ቀይ አፈር በሸክላ ውስጥ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ለብቻው አይሆንም። 1 እጅ አፈር በ3 እጅ ምስር የሚያህል ጠጠርና የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይደባለቅ፤ ሸክላውም ቂጡ የተበሳ ይሁን። ክረምቱን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ጣሪያ ሥር ይክረም። ጥላ የለመደውን ግን በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ የተቃጠለ ቆዳው ጠባሳው አይለቅም።

የዘወትር አንባቢዎቻችሁ፣ ከጅማ