ወረቀቱን ከደብተርህ ውስጥ አውጣው

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደኅና ነን። የማርቆስ ብርድ ያው እንደምታውቀው ነው።

ትናንት በስልክ የነገርከኝ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። የእንግሊዝኛ መምህርህ የቋንቋ ድጋፍ ክፍል እንድትሄድ ወረቀት ጽፈው ሰጡህ፤ አንተ ደግሞ ደብተርህ ውስጥ ሸጉጠህ ሦስት ሳምንት ከረምክ። ለምን ስልህ «እዚያ የሚሄዱት ሰነፎቹ ናቸው» አልከኝ። ቤት እንግዳ ስለነበረ ዋጥኩት። አሁን በጽሑፍ ልቆጣህ ነው፤ ቻለው።

የክፍልህ ልጆች በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። አንተ እዚህ በአማርኛ ተምረህ፣ ፈተና አልፈህ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ነው እዚያ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የገባኸው። እንግሊዝኛህ ከእነሱ ቢያንስ ምን ይገርማል? ያ ክፍል የተከፈተው እንዳንተ ላለው ልጅ ነው።

አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማሩ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲቆጥሩ፣ ማለት የራሳቸውን ቅኔ ሲያዘጋጁ፣ ይውሉና ማታ የኔታ ፊት ቀርበው ይነግሩ ነበር። የኔታ «ቤቱ አልመታም»፣ ማለት ስንኙ አልገጠመም፣ ይላሉ፣ ያርማሉ፣ ጓደኛ ሁሉ እየሰማ። በነጋታው ደግሞ ያው ነው። ከነገራ የሚቀረው ሰነፉ ነበር። አንተ ነገሩን ገልብጠህ ነው የያዝከው።

ስትሄድ ታዲያ ባዶ እጅህን አትሂድ። የጻፍከውን አንድ ገጽ ያዝ፣ የጨነቀህ ቦታ ላይ አስምርበት፣ «እዚህ ጋ ሐሳቤ ግልጽ ነው?» ብለህ ጠይቅ። አርሙልኝ ብለህ ጥለህ ብትመጣ ምንም አትማርም፤ እነሱም አይጽፉልህም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ቤተ መጻሕፍቱን ስጠይቅህ «ትልቅ ነው» አልከኝና አለቀ። ገብተህበት ታውቃለህ ወይስ በመስታወቱ ነው ያየኸው? እኔ ይኼውና ስንት ዓመት መጽሐፍ ጠባቂ ነኝ። ልጆቹ የሚመጡት ለማውራት ነው፣ አንዳንዱ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ። አንዱ መጥቶ «እትዬ፣ ስለዚህ ነገር የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» ካለኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ እውላለሁ። የእናንተዋም ሴትዮ ከዚህ የተለየች አይመስለኝም። አስቸግራታለሁ ብለህ አትሽኮርመም፣ ሥራዋ ነው።

በእርግጥ እኔም አፍሬ አውቃለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ መደርደሪያው ጋ መግባት አይፈቀድም ነበር። የመጽሐፉን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ በመስኮት ታቀብላለህ፤ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይህ «የለም» ይላል። ሁለቴ የለም ስባል ሦስተኛ አልሄድኩም። ያን ኮርስ በዲ ነው የወጣሁት። መጽሐፉ እዚያው እንደነበረ የሰማሁት ከተመረቅን በኋላ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ በሰውዬውም በራሴም።

ለአይቢ (ዓለም አቀፍ ባካሎሬት) ዲፕሎማው የምትጽፉት ረጅም ጽሑፍ ጣሪያው 4,000 ቃል ነው አልከኝ። አንተ ደግሞ «ስለ ጎጃም ታሪክ እጽፋለሁ» አልክ። የቱን ጎጃም? የማንን ዘመን? ልጄ፣ 4,000 ቃል ለእምባቦ ጦርነት ብቻ እንኳ ይጠባል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. የተዋጉት ከዓባይ ማዶ ላለው አገርና ለንግዱ ነው፤ ንጉሣችንም ቆስለው ተማረኩ። ከዚህ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ብቻ ምረጥ፣ ለምሳሌ ንግዱ ምን ያህል ድርሻ ነበረው የሚለውን። ጥያቄውን ለማጥበብ መምህርህም የቤተ መጻሕፍቷም ሴትዮ ያግዙሃል። ከተቆጣጣሪ መምህርህ ጋር ሦስት ጊዜ በግድ መገናኘት አለብህ፤ የመጀመሪያው ላይ ባዶ ወረቀት ይዘህ እንዳትቀርብ።

መጽሐፍ ስትፈልግ ዝም ብለህ አትዙር። መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በሚለየው በዲዊ ቁጥር ከሆነ የተደረደረው፣ ታሪክ 900ዎቹ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ 963 ነው። እኛም ጋ ያው 963 ነው፣ ልዩነቱ የእኔዎቹ ሁሉም ባንድ እቅፍ መያዛቸው ነው። መጽሐፉ ከሌለ ይገዛልኝ ብለህ ጠይቅ። እንደ ጄስቶር ላለው የጥናት ጽሑፍ ማከማቻ ትምህርት ቤቱ ከፍሎ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ይሰጡሃል፤ ማታ አክስትህ ቤት ሆነህ በስልክህ ታነባለህ። ይኼን እኔ ባገኝ ኖሮ!

ያነበብከውን ግን ከየት ገጽ እንዳገኘኸው ያኔውኑ ጻፍ። በኋላ እፈልገዋለሁ ያልከው አይገኝም። ከኢንተርኔት ገልብጦ የራሱ አስመስሎ የሚያስገባ ልጅ ዲፕሎማውን ሊከለከል ይችላል፤ ይህ ቀልድ የለውም።

በሶና ቆሎ ሐሙስ በሚመጣው አውቶቡስ ልኬልሃለሁ። በሶው የገብስ ነው፤ ቆሎው ውስጥ ሱፍ አለበት፣ ክፍል ውስጥ እንዳትቆረጥም። አክስትህን ሳምልኝ።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅህ ወረቀቱን ለማን እንደሰጠኸው ነው፣ ቀጥሎ 963 ላይ ስንት መጽሐፍ እንደቆጠርክ።

እናትህ