ለትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴና በኮምቦልቻ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ደም ሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ታቅፎ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳስበናል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን፣ በወባም ጭምር፣ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ እውነተኛ ታይፎይድ እያለም ላይታይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የአንቲቦዲው መጠን «1፡80» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሕክምና አይጀመርም።

መጀመሪያ ጉዞ ይጠየቅ። ደሴ ደጋ ናት፤ ሰዉ ግን ወባ ወዳለባቸው ቆላዎች፣ ሐርቡና ባቲ ወርዶ፣ አድሮ ይመለሳል። ስለዚህ ደሙ ለወባ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ነጻ ቢባልና ጥርጣሬው ካለ በማግስቱ ይደገም። በትኩሳቱ ሰዓት የተወሰደው ያው ስላይድ በጥንቃቄ ከታየ በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳትም ያሳያል።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ከ3 ቀን ካለፈና ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ካለበት ታይፎይድ ይጠርጠር። ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደሙ አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) በሚሠራበት ቦታ ከአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፤ ደሙ ካነሰ ወይም መድኃኒት ከቀደመ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። ካልቸር ከሌለ ሐኪሙ በምልክቱ ያክም፣ ካርዱ ላይ ግን «የተጠረጠረ» ብሎ ይጻፍ።

ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶም ትኩሳቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በማግስቱ አልበረደም ብሎ መቀየር ስህተት ነው። ሆዱ ድንገት ጠንክሮ ሲነካ ካመመው ግን አንጀት ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ።