ማንም የማያየው ቴሌቪዥን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ቴሌቪዥን ቤተሰብ ይበትናል የሚለው ወቀሳ ለእኔ ሚዛን አይደፋም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ዛሬ ግን ሁላችንም የየራሳችንን ስልክ ይዘን ጥግ ጥጋችንን ይዘናል። አብሮ ማየት፣ አብሮ መሳቅ፣ በዜናው መሃል መከራከር እየቀረ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ቴሌቪዥን። እንግዳ መጥቶ እንኳን ድምፁ አይቀነስም። ሰው ሊያወራ አፉን ሲከፍት ማስታወቂያው ይቀድመዋል። አንድ ፕሮግራም መርጠን፣ አብረን አይተን ብንዘጋው ምን እናጣለን?

እናንተም ቤተሰብ አብሮ ሊያያቸው የሚችሉ ፕሮግራሞችን እየመረጣችሁ ብትጠቁሙን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ